የእሱ ቅርንፉድ

ባለቤቴ ሲሞት ከቤታችን ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው። ለቀስተኛው ገና ሳይበተን እህቶቹ አንሶላውንና ብርድ ልብሱን አጥበው አሰጡት። አርባው ካለፈ በኋላ ደግሞ ኮቶቹንና ሸሚዞቹን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡ ችግረኞች ሰጠናቸው። ወጉ ነውና በማንም አልፈርድም። እኔ አንድ ሹራብ ብቻ ሸሽጌ አስቀርቼ ነበር። ቁምሳጥኑን እከፍትና አፍንጫዬን እከትበታለሁ፤ እዘጋዋለሁ፤ ተመልሼ እከፍተዋለሁ። አንድ ቀን ሱፍ ብቻ ሸተተኝ። አሽትቼ አሽትቼ ጨርሼው ነበር።

የእሱ ሽታ የማተሚያ ቤት ቀለም፣ ቀለሙን ከእጁ የሚያስለቅቅበት ጋዝና ቅርንፉድ ነው። ቀለሙና ጋዙ ከሥራው የመጡ ናቸው፤ ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ነው የሠራው። ቅርንፉዱ ግን በኋላ የመጣ ነው። ሐኪሙ የሳንባውን ፎቶ አይቶ «ሲጋራውን ዛሬውኑ አቁም» ባለው ሰሞን አቆመ፤ በምትኩ ቅርንፉድ ማኘክ ጀመረ። ዘመድ ቤት ስንሄድ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ «ለእሷ ስል ተውኩት» እያለ በአገጩ ወደ እኔ ያመለክት ነበር። ይህን ሲል በእጄ የያዝኩትን ሥራ አቆም ነበር።

ከሞተ በኋላም ያቺን ቃል ያዝኳት። ሌላው ሰው ስለ እሱ የሚያወራው ብዙ ነገር አለው። የሥራ ጓደኞቹ ቀልዱን ያወራሉ፤ እህቶቹ ልጅነቱን ያወራሉ። የእኔ ይህቺ ናት፤ ያን የሚያህል ልማዱን ለእኔ ብሎ ተወ።

አንድ ልጅ አለችን፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የአባቷ ልጅ ናት፤ ሰውም እንዲህ ይላታል፣ እኔም እላታለሁ። ቤታችን ፒያሳ ካሉት አሮጌ የእንጨት ፎቆች አንዱ ላይ ነው፤ ደረጃው በውጭ በኩል ነው። እሱ በሕይወት ሳለ ከራት በፊት ሁለቱ ታችኛው ደረጃ ላይ ይቀመጡ ነበር። «ነፋስ ልቀበል» ብሎ ይወርዳል፤ እሷ ደብተሯን ጥላ ትከተለዋለች። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳቃቸውን እሰማለሁ። ምን እንደሚያስቃቸው ለመስማት እጄን በፎጣ እየጠረግኩ ብቅ ስል ዝም ይላሉ።

«ምንድነው?» እላለሁ።

«ምንም» ይላሉ፤ ሁለቱም በአንድ አፍ።

እቀና ነበር። እናት በልጇ ቀናች መባል የሚያሳፍር ስለሆነ ለራሴ ደክሞኝ ነው እል ነበር።

አባቷ ከሞተ መንፈቅ ካለፈው በኋላ አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች። ዝቅ ብላ ጉንጬን ስትስመኝ ቅርንፉድ ሸተተኝ። እንደ እሱ፤ ሞቅ ያለ፣ ከትንፋሽ ጋር የመጣ። ትከሻዋን ያዝኩና አልለቅ አልኳት።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ቅርንፉድ ነው?»

ቶሎ ቀና አለች። «አዎ። ጥርሴን ትንሽ…» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

አባቷን ናፍቃ ነው ብዬ አሰብኩ። የእሱን ልማድ ይዛ፣ በአፏ ይዛው ትዞራለች። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሌላው መጣ። እኔ ሹራብ ሙሉ ታቅፌ የጨረስኩትን እሷ እንዴት አገኘችው? እንዴት ለእኔ አልታሰበኝም? ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት የምትመለስበትን ሰዓት መጠበቅ ያዝኩ፤ ጉንጬን ሰጥቼ እጠብቃታለሁ። የሚሸትበት ቀን አለ፤ የማይሸትበትም አለ። ያልሸተተ ዕለት ራት አይበላልኝም።

በመጨረሻ ከእሷ አፍ ከምለምን ለራሴ እገዛለሁ ብዬ ወደ ሱቁ ወረድኩ።

ሱቁ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ዳር ነው። በዙሪያው የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ እሱ እንዴት እንደተረፈ ባለሱቁም አያውቁትም። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው የመጡ ሙስሊም አዛውንት ናቸው። ፀጉራቸው ነጭ ነው፤ አፋቸው ግን የአራዳ ጎረምሳ አፍ ነው። በመስኮታቸው ላይ ላይተር በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ከጎኑ «ለልጆች ሲጋራ አይሸጥም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ግማሹን ማስቲካ ሰቅለውበታል።

«እትዬ! ዛሬ ራስዎ ወረዱ?» አሉኝ። «እሰይ፤ ሰው እንዲህ ወጣ ማለት አለበት። ፀሐይም ይናፍቃታል እኮ።»

«ቅርንፉድ ፈልጌ ነው ጋሼ።»

በጋዜጣ ቁራጭ ጠቀለሉልኝ። ከዚያ እጃቸው ራሱን ችሎ እንደሚሠራ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ፤ ከተከፈተ ፓኮ አንድ ፍሬ ሲጋራ መዘዙና ባንኮኒው ላይ መታ መታ አድርገው ከቅርንፉዱ አጠገብ አስቀመጡት።

«ይሄ ምንድነው?»

«የእርስዎ ነዋ። ልጅቷ ሁልጊዜ አብራ አይደል የምትወስድልዎ?»

ሲጋራውን አፍጥጬ አየሁት። እሳቸው ያፈርኩ መሰላቸው። በመስኮቱ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ጋ አይሳቀቁ እትዬ። ሀዘን ነው፤ ሰው በሀዘን ስንቱን ይለምዳል። ባለቤትዎም እንዲሁ ነበሩ፤ አንድ ፍሬ ከቅርንፉድ ጋር። ጠዋት በራሳቸው፣ ማታ ማታ በልጅቷ። ‹ገብቼ ስስማት እንዳትነቃብኝ› እያሉ ሆዴ እስኪቆስል ያስቁኝ ነበር።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«ሁልጊዜ ነዋ። አልጋ እስኪይዙ።»

እኛ ሰፈር ትልቅ ሰው ለአንድ ሻማ ብሎ ሱቅ አይወርድም። ስኳር ቢያልቅ፣ ሞባይል ካርድ ቢያስፈልግ፣ ሲጋራ ቢያምረው ልጅ ይልካል። እኔም በልጅነቴ ለአጎቴ አስለኩሼ ሳይጠፋ ለማድረስ እየሮጥኩ አመጣ ነበር። ባለሱቅም የተላከ ልጅ እንደ ልጅ አይቆጥርም፤ የላከው ሰው እጅ አድርጎ ነው የሚያየው። ስለዚህ ልጄ ዩኒፎርሟን ለብሳ ያ ወረቀት ሥር ቆማ «ለእማዬ ነው» ስትል እኚህ ደግ ሰው በመሸጣቸው ምንም አልተሰማቸውም። እኔን እያዘኑልኝ ነበር የሚሸጡላት።

«እኔ አላጨስም» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እንዲህ ካልኩ ግን ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ ማን?» ነው። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ተነስቶ ቢሄድም የቀረው ወሬ አያጣም፤ ሴት ልጅ ደግሞ ስሟ አንዴ ከተነሳ አይተኛም።

«እሺ፣ አብረው ይጠቅልሉልኝ» አልኳቸው።

ዳገቱን በነጠላዬ ጫፍ ሲጋራ ቋጥሬ ወጣሁ። ስለ ልጄ ሳንባ ማሰብ ነበረብኝ። በኋላ አስቤያለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን አላሰብኩም። ያሰብኩት ሁሉም ያውቁ እንደነበር ነው። ባለሱቁ ያውቃሉ፤ ልጄ ታውቃለች። «ለእሷ ስል ተውኩት» ሲል ልጄ አጠገቡ ተቀምጣ ሳቋን በውስጧ ይዛ ነበር። «ነፋስ ልቀበል» ነፋስ አልነበረም። «ምንም» ሲሉኝም አንድ ነገር ነበር። ያንን ሹራብ ታቅፌ ወራት ሙሉ ያሸተትኩት ቅርንፉድም እሱ ሳይሆን መደበቂያው ነው። ሁለቱ በእኔ ላይ ያዘጋጁትን ሽታ ነው አሽትቼ አሽትቼ የጨረስኩት።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ራቅ ብዬ ተከተልኳት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወደ አፍንጮ በር በሚያወጣው መንገድ ጥቂት ሄደው ከፈረሰ ግቢ አጥር ውስጥ ገቡ። ቤቱ የለም፤ የድንጋይ ደረጃው ብቻ ቀርቷል። እኔ በቆርቆሮው ሌላ ወገን ቆምኩ። በምስማር ቀዳዳ የሚታየኝ ጉልበታቸውና እጃቸው ነበር፤ ድምፃቸው ግን እንደ አጠገቤ ይሰማል።

አንደኛዋ ትን ብሏት ታስላለች።

«ፋራ!» አለቻት ሌላዋ እየሳቀች። «ቀስ ብለሽ ሳቢዋ! እንደ ሚሪንዳ ነው እንዴ የምትጠጪው?»

«እነዚያ ስልክ ላይ ያሉት ሴቶች ሲያጨሱ እንዴት ያምርባቸዋል! እኔን እንደ ሽንኩርት ዓይኔን አቃጠለኝ።»

«ፋራ አትበያት አቦ» አለች የእኔዋ። «እኔም መጀመሪያ ቀን አስመልሶኛል።»

«ለፈተና ግን ያረጋጋል አይደል? እህቴ ያረጋጋል ብላኛለች።»

«እኔ እንጃ። እጄን ያንቀጠቅጠኛል እንጂ።»

«ማዘርሽ ብትነቃስ?»

«የእሷ ማዘር?» አለች ያቺ ሳቂታዋ። «ሀዘን ላይ ናቸው እኮ። ቤቱ ቢቃጠል ራሱ አይነቁም።»

ልጄ ከኪሷ ወረቀት አውጥታ በእጃቸው ላይ ቅርንፉድ አደለቻቸው። «ከምላስ ሥር አድርጉት። አታኝኩት፤ ዝም ብላችሁ ነክሳችሁ ያዙት። የፋዘር ስልት ነው።»

«ፋዘርሽ ግን አራዳ ነበሩ! ያቺን ንገሪን፤ የካርዷን።»

ከዚያ የእሱን ድምፅ ሰማሁ። ልጄ ናት፤ ግን የእሱ ድምፅ ነው፤ ቃሉን ጎተት አድርጎ መጨረሻ ላይ የሚጥለው። ማተሚያ ቤት የሠርግ ካርድ ሲያትሙ የሙሽራውንና የሚዜውን ስም አቀያይረው አተሙት። ካርዱ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ታሽጎ ሊወሰድ ሲል ነው የታየው። አለቃው ፀጉሩን ይነጫል። ሙሽሪት ራሷ ሚዜውን አስከትላ መጣች። ካርዱን አንድ ጊዜ አነበበች፣ ሁለተኛ አነበበች፣ ሚዜውን ቀና ብላ አየችና «ኧረ ይሄም አይከፋም» አለች።

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። እኔም አጥሩ ኋላ አፌን በነጠላ ይዤ ሳቅኩ። ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። ስንት ዓመት አብሬው በልቼ፣ አብሬው ተኝቼ ይህን ለእኔ አልነገረኝም። አሁን ስማቸውን የማላውቃቸው ልጆች «ያቺን ንገሪን» ብለው በስሟ ያዟታል። ገብቼ ሲጋራውን ከእጃቸው መንጠቅ የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አልገባሁም። ሌላም ትነግራቸው እንደሆነ ብዬ ቆምኩ።

ልጄ ታሪኩን በእሱ ሳል ዘጋችው። እሱ ሲስቅ ሁልጊዜ ሳቁ ወደ ሳል ይዞርበት ነበር፤ እሷም አስመሰለችው፤ ልጆቹ ደግመው ሳቁ። ከዚያ ሌላ ሳል መጣ። ይህኛው ማስመሰል አልነበረም። ደረቅ ነው፤ ከታች የሚጀምር፤ ትንፋሿን የሚቆርጥ። ሁለቱ ሳሎች አንድ ናቸው። ያን ጊዜ ብቻ ቅናቴ ለቀቀኝ። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ኦክስጅኑ አፍንጫው ላይ ሆኖ እንዴት ይስል እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

ቀድሜያት ቤት ደረስኩ። ወደ ላይ አልወጣሁም። ታችኛው ደረጃ ላይ፣ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ጥግ ተቀመጥኩና ከትናንቱ ጥቅል ውስጥ አንድ ቅርንፉድ አውጥቼ ከምላሴ ሥር አደረግኩ። ያቃጥላል።

መጣች። ደረጃው ላይ ስታየኝ ቀዝቀዝ አለች፤ ግን እንደ ልማዷ ዝቅ ብላ ሳመችኝ። እንደሳመችኝ ፊቷ ጉንጬ ላይ ቀረ።

«እማዬ… ቅርንፉድ?»

«ቅርንፉድ።»

«ጥርስሽን አሞሽ ነው?»

«ጥርሴ ደህና ነው። ባለሱቁ ናቸው የሰጡኝ። ማጨሴን ሰምተው አዘኑልኝ።»

ከነጠላዬ ጫፍ ጥቅሉን ፈትቼ ሲጋራውን ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። ልጄ ቁልቁል አየችው። ከንፈሯ መጀመሪያ ለሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና ፊቷን በቦርሳዋ ሸፈነች።

«ለምን ‹ለእማዬ› አልሽ?» አልኳት።

«እሳቸው ናቸው የጀመሩት» አለች ከቦርሳው ውስጥ። «ዳቦ ልገዛ ሄጄ ሳልጠይቃቸው ሲጋራውንና ቅርንፉዱን አወጡ። ለምዶባቸው ነው። አባዬ መሞቱን ረስተውት። ከዚያ ትዝ አላቸውና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። መልሰው እንዲያስገቡት አልፈለግኩም። ‹ለእማዬ ነው› አልኩ።»

«ከዚያስ አጨስሽው?»

«አላጨስኩትም። እዚህ ቁጭ ብዬ ለኮስኩትና ዝም ብዬ ያዝኩት። አንቺ ቤተ ክርስቲያን ነበርሽ። ልክ እሱ አጠገቤ ያለ መሰለኝ። ሊያልቅ ሲል ነው የሳብኩት።»

«እነዚያ ልጆችስ?»

«አሳዪን አሉኝ።» ቦርሳዋን አወረደች። ዓይኗ ቀልቷል። «እነሱ ስለ አባዬ ይሰሙኛል እማዬ። እዚህ ስሙን ስጠራ ወይ ታለቅሻለሽ ወይ ተነስተሽ ወጥ ታማስያለሽ። ለማን ላውራ?»

መንገዱ ላይ ታክሲዎች ወደ ቸርችል እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ይህን አለች።

«እኔ ነኝ የገዛሁለት። ማታ ማታ ይዤለት የምመጣው እኔ ነኝ። እንቢ ብዬው ቢሆን ኖሮ…»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በዚህም ቀናሁባት። በሞቱ ውስጥ እንኳን ድርሻ አላት። እኔ ምንም የማላውቅ ሆኜ ሾርባ ነው ያቀረብኩለት። ግን ልጄ ናት፤ ይህን የሚያህል ድንጋይ ተሸክማ ነው ትምህርት ቤት ስትመላለስ የከረመችው። እጇን ያዝኩ።

«እሱ ትልቅ ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት ማን ገዛለት? በገዛ እግሩ እየወረደ ነው የገዛው። ባለሱቁን ጠይቂያቸው።»

«እውነትሽን ነው?»

«የእውነቴን ነው። አንቺን የላከሽ እኔን ፈርቶ ነው።» ከዚያ ሌላውን ነገርኳት። «ዛሬ አጥሩ ኋላ ነበርኩ። የሚዜውን ታሪክ ሰምቼ ሳቅኩ። ከዚያ ሳልሽ።»

«የአባዬን ነው ያስመሰልኩት።»

«የመጀመሪያው የአባትሽ ነበር። ሁለተኛው የራስሽ ነው። ያንን ሳል እኔ ደግሜ አላስታምምም። አልችልም።»

ሲጋራውን አነሳችና መሃሉ ላይ ሰበረችው፤ ትምባሆው ቀሚሷ ላይ ተበተነ። ሁለታችንም ሳናስበው ወደ ሽታው ዘንበል አልን። ተያየን።

ልጠይቃት ያልፈለግኩትን ጠየቅኳት። «እዚህ ስትቀመጡ ስለ እኔ ምን ይል ነበር?»

አሰበች። መዋሸት እንደፈለገች አየሁ፤ ደግሞ ተወችው። «‹መጣች፣ መጣች› ይል ነበር።»

«ይኸው ነው?»

«በቃ። ‹መጣች፣ መጣች፣ ጣይው!›»

በእሱ ድምፅ ነው ያለችው። መከፋት ነበረብኝ፤ ትንሽም ከፍቶኝ ነበር፤ ሳቁ ግን ቀደመኝ።

ሳይመሽ አብረን ወደ ሱቁ ወረድን። ልጄ አጠገቤ ቆማ ጫማዋን ታያለች።

«ጋሼ፣ እኔ ሲጋራ አቁሜያለሁ» አልኳቸው። «ከዛሬ ወዲያ ልጄ ‹ለእማዬ› ብትልዎ እንዳይሰጧት።»

ባለሱቁ መነጽራቸውን አውልቀው እኔን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ፤ ከዚያ ማስቲካ የሰቀሉበትን ወረቀት አዩ። ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም። ማስቲካውን ከወረቀቱ ላይ አንስተው ወደ ሌላ ቦታ ሰቀሉት።

«አላህ ያጽናዎት እትዬ። ብቻ አይቀየሙኝና ባለቤትዎም እዚችው ቆመው አቁሜያለሁ ብለውኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ኧረ ብዙ ጊዜ! ‹ለእሷ ስል ተውኩት፤ ብመጣም እንዳትሸጥልኝ› ይሉኛል። ለሁለት ቀን ይጠፋሉ፣ ለሦስት ቀን ይጠፋሉ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ይመጣሉ። እኔም ጨክኜ አልከለክላቸው።»

ልጄ ቀና አለች። ይህንን እሷም አታውቀውም ነበር፤ ከፊቷ አየሁት። ዳገቱን ስንወጣ «ለእሷ ስል ተውኩት» የምትለዋን ቃል በልቤ ደጋገምኳት። ሙሉ እውነት አልነበረችም፤ ግን ሙሉ በሙሉ ውሸትም አልነበረችም።

አሁን ከራት በፊት ደረጃው ላይ የምንቀመጠው እኔና እሷ ነን። እሱ የነገራትን ትነግረኛለች። ሁሉንም አይደለም። አንዳንዱን ጀምራ ታቆምና «ይሄ የእኔና የአባዬ ነው» ትለኛለች፤ እኔም እሺ እላለሁ፤ ሽንኩርት ልከትፍ ስገባ ግን ቢላዋው ከሚገባው በላይ ድምፅ ያሰማል። ጓደኞቿም አንድ ሁለት ጊዜ መጥተዋል። ያቺ ሳቂታዋ ዓይኔን ማየት ፈርታ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጉንጬን እሰጣታለሁ። አብዛኛውን ቀን ዳቦና ላብ ብቻ ትሸታለች። ደስ ይለኛል፤ ደስ ሊለኝም ይገባል። ቁምሳጥኑ ውስጥ ያለው ሹራብ ግን ሱፍ ብቻ ነው የሚሸተው፤ ከሱቁ የገዛሁት ቅርንፉድም እንደ እሱ አይሸትም፤ ትንፋሽ የለውማ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ገና ሳልጠይቃት ተናገረች። «ፈተና ነበረን። አንዴ ሳብኩ። አልደብቅሽም።»

«እንዳትደግሚው» አልኳት።

«እሺ።»

ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። ቅርንፉድ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ ከትንፋሽ ጋር የመጣ። ልቆጣት ይገባኝ ነበር። አንገቷን ይዤ ቆየሁ፤ ብዙ ቆየሁ።

«እማዬ፣ በቃ» አለችኝ፤ እጄንም ቀስ ብላ ከአንገቷ ላይ አወረደችው።